ልጄ «ልሂድ» ስትለኝ

ልጄ «ልሂድ» ካለችኝ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። አትሄጂም የምላት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? ሁለቱ በእናት ሆድ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግራል። መልሱን አገኘሁት ብዬ የተኛሁበት ሌሊት አለ፤ ሲነጋ ግን ጥያቄው እዚያው ይጠብቀኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው ብያለሁ።

መሄድ የምትፈልገው ሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ ሰው ቤት ለመሥራት። የምንኖረው ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ነው። እዚህ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ከውርጌሳ እስከ ስሪንቃ፣ ከጊራና እስከ ወልድያ፣ አረብ አገር ልጅ ወይም እህት የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት የብሎኬት ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት በሴት ልጅ ጉልበት ነው። ወንዱም ይሄዳል፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ነው፣ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን።

ልጄ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ሃምሳ በመቶ አልሞላላትም። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው፤ 8.4 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ዙር ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። እኔ መምህር ነኝ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና የሚበልጠው በወደቀበት ፈተና ልጄን ሰነፍ ማለት ሒሳቡ አይፈቅድልኝም። ደግሞም የተማረችበትን ዘመን አውቀዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ መጋቢት 2012፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። ዘጠነኛን ልትጀምር ስትል፣ ነሐሴ 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና አካባቢው ደረሰ፤ ወልድያ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመልሳ የገባችው ታኅሣሥ 2014 ነው። አሥራ አንደኛን ልትጀምር ስትል ደግሞ፣ ሐምሌ 2015፣ በክልላችን በአማራ ሌላ ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚህ ትውልድ ልጆች ትምህርታቸውን የተማሩት እየተቆራረጠ ነው፤ የተፈተኑት ግን እንዳልተቆራረጠ ሆነው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከዚህ ይነሣል። ልጄ የምትሄደው ወዳ ነው ወይስ ተገፍታ? ተገፍታ ከሆነ፣ የተገፋ ሰው ውሳኔ ውሳኔ አይባልምና ልከለክላት ይገባል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሐሳብ ይዤው ትንሽ ቆየሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ልቤ የሚፈልገውን መልስ ይሰጠኛል። ነገር ግን የራሴን ታሪክ ሳስብ አልቆም አለ። እኔ ደሴ ሄጄ የመምህርነት ሥልጠና የገባሁት በጥሪ ተነሣሥቼ አይደለም። ለጋብቻ የሚጠይቁኝ በዝተው ነበር፤ እናቴ ጊደሯን ሸጣ ስንቄን ቋጥራ የላከችኝ ከዚያ ልታስመልጠኝ ነው። ተገፍቼ ሄድኩ፤ ሕይወቴ ግን የኔ ነው፣ አልጸጸትበትም። ስለዚህ መገፋት ብቻውን መንገዱን ስህተት አያደርገውም። የሚጠየቀው መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ነው።

መንገዱን ካነሣን ዘንድ አደጋው አለ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ የመን፣ አብያን ዳርቻ ሰጥማ ከ60 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘርዝሯል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ተሻግረው የገቡትም ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው ሲመለሱ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነበር።

«ምክንያቴ ይህ ነው፤ ልጄ እንዳትሞትብኝ ነው» አልኩ። ከዚያ ራሴን ፈተንኩ። በረሃውም ባሕሩም የለም እንበል፤ በአውሮፕላን፣ በሕጋዊ ውል፣ ዕድሜዋም 18 ሞልቶ ትሄዳለች እንበል። አሁንስ እሺ እላለሁ? ልቤ አሁንም እንቢ አለ። ታዲያ አደጋው ሙሉ ምክንያቴ አልነበረም ማለት ነው። ሌላ ነገር ከኋላው ቆሟል።

ርቀቱ ይሆን? አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ፤ ብታመም ማን ያስታምመኛል፣ ቅሬው ሲሰበሰብ ከልቅሶዬ ማን ይቆማል የሚለው ሐሳብ እውነት ነው፣ አለ። ይህንንም ፈተንኩት። ፈተናውን አልፋ ጅግጅጋ ወይም ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ብትመደብስ? እልል ብዬ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ ዳቦ ደፍቼ ነበር የምሸኛት። ያም መለየት ነው። ስለዚህ ርቀቱም አይደለም።

አደጋውን ሳወጣ፣ ርቀቱን ሳወጣ፣ የቀረው ስም ነው። የመምህርት ልጅ ሰው ቤት ገረድ ሆነች መባሉ። ይህን ቃል ስጽፈው እጄ ከበደኝ፣ ግን እዚያ ነበር። ከዚያም ይህን ስሜት አስቀምጬ አየሁት፤ ምን የሚያሳፍር አለው? ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ሕፃን መያዝ፣ የታመመ ሽማግሌ መንከባከብ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየማታው የምሠራው ሥራ ነው፣ ያለ ደመወዝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታዋለች፤ በእሱም አከብራታለሁ። ሥራው ክብር የሚያጣው ሠራተኛዋ መብት ስታጣ ነው። ስለዚህ ኩራቴ ለልጄ ዕድል ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ አልፈቅድለትም። ፍርሃቴ ግን ይቀመጥ፤ እሱ ጉዳይ አለው።

በዘርአ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ ውስጥ ፈላስፋው ከሰው ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ነው ነገሩን ሁሉ የሚመረምረው። እናት ዋሻ የላትም። የኔ ምርመራ የሚካሄደው ረከቦቱ ፊት፣ ጎረቤቴ ባለችበት ነው፤ እሷም ሐሳብ አላት።

ጎረቤቴ ጓደኛዬ ናት፣ ከጓደኛም በላይ። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ልጆቻችን በአንድ መሶብ አድገዋል፤ መሶቡ የሚለየው ሥጋ ሲሆን ብቻ ነው። ለፋሲካ ቤቴ ሲመጡ በጉን የሚያርድላቸው የራሷ ባል ነው፤ ለአረፋ እኛ ስንሄድም እንዲሁ ለኛ የሚሆነው ተለይቶ ይጠብቀናል። በጦርነቱ ወራት ከአንድ ጎታ ማሽላ ተካፍለን በልተናል። ልጇ ጅዳ ናት። ቤቱን ያሠራችው፣ ወንድሟን ያስተማረችው እሷ ናት። ስለዚህ ጎረቤቴ የልጄን ነገር ስትሰማ አላመነታችም።

«አብሽሪ እህቴ፣ ምን ያስፈራሻል? የኔዋ ሄዳ ሰው ሆነች አይደል? የመንገዱን ብር እኔ አበድርሻለሁ፤ ስትሠራ ትከፍላለች።»

ከፍቅር የመጣ ምክር መሆኑን አልጠራጠርም። የተጠራጠርኩት ማስረጃውን ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ የምናየው ብር የላከችዋን ልጅ ቤት ነው። ያልላከችዋ ልጅ እናት ቡና ላይ አትናገርም፤ የሞተችው ደግሞ ቆርቆሮ አታለብስም። እንግዲህ ዓይናችን የሚያየው የተሳካውን ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ ተነሥተን «ሄዳ ሰው ሆነች» ማለታችን ግማሹን ቆጥሮ ሙሉ ሒሳብ እንደማውጣት ነው። ግን እዚህም ላይ ለራሴ ማድላት የለብኝም፤ ቀርተው ቤት የተቀመጡትንስ እናያቸዋለን ወይ? ፈተና ወድቀው፣ ሥራ አጥተው፣ ከጓዳ የማይወጡ ልጃገረዶች አሉ። የነሱም ጉዳት ቡና ላይ አይነሣም።

ግማሹን ሒሳብ ልሙላ ብዬ የጎረቤቴን ልጅ በኢሞ ደወልኩላት። ሕፃን ሆና አዝያታለሁ፤ ትነግረኛለች ብዬ ነው። ስለ ደመወዟ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እትዬ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪ» አለችኝ። በመጀመሪያው ዓመት አሠሪዎቿ ደመወዟን አልሰጧትም፤ ስልኳንም ይዘውባት ነበር። ሰው የሆነችው ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት ከገባች በኋላ ነው። «እናቴ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አልፏል ደግሞ።»

ከዚህ በኋላ ጭንቀቴ ሁለት ሆነ። ጓደኛዬ የሰፈሩን ልጆች የምትመክረው ጎደሎ በሆነ ታሪክ ነው፤ የጎደለውን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ልንገራት? ብነግራት ልጇ ለእናቷ ስትል አምቃ የያዘችውን፣ ከቤቱም ከብሩም የበለጠውን ስጦታ እነጥቃታለሁ። ዝም ብል የኔ ልጅ በጎደሎ ታሪክ ትሄዳለች፤ ሌሎችም ይከተላሉ። ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ የለየሁት ይህን ነው፤ ምሥጢሩ የልጅቷ ነው፣ ባለቤቱ ሳትፈቅድ አልሰጠውም። ልጄ ግን ከባለቤቱ አፍ መስማት ትችላለች። መልሼ ደውዬ ለመንኳት፤ እሺ አለች። ሁለቱ ብዙ አወሩ፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም፣ ምን እንደተባባሉም አልጠየቅኩም።

ልጄ ስትወጣ «አልሄድም» አላለችም። ጥያቄዋ ግን ተለውጦ ነበር። ውል ያለው መንገድ የትኛው ነው፣ ማን ምን ይከፍላል? ተቀምጠን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁን፣ ቁጥር 923/2008ን፣ አነበብን። ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ መድኑን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የመሳሰለውን ወጪ ነው። «ታዲያ ደላላው የሚጠይቀው ያ ሁሉ ብር የምንድን ነው?» አለችኝ ልጄ። ለዚህ ጥያቄዋ እኔ መልስ መጨመር አላስፈለገኝም።

ብድሩን እንደማልወስድ ለጎረቤቴ መንገር ከባዱ ነገር ነበር። እጅ ዘርግቶ የሰጠን ሰው እንቢ ማለት በኛ አገር ቀላል አይደለም፤ ተቀየመችኝ፣ ቡናውም ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ። ተመልሳ ስትመጣ ገና ሳትቀመጥ «ልጄ የነገረችሽ ነገር አለ?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። መዋሸት አልፈለግኩም፣ ማውጣትም አልቻልኩም። «ካለም እሷን ጠይቂያት፤ ስትጠይቂያት ግን እንዳትቆጪያት» አልኳት። የእናት ልብ ነውና ገባት መሰለኝ። ጠይቃት እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም። ቡናውን ግን እንደ ድሮው አብረን እንጠጣለን።

አሁን የወሰንኩት ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር ነው፤ ፓስፖርቱን እኔ አወጣላታለሁ። አባቷ «በገዛ እጅሽ በሩን ከፈትሽላት» ይላል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። በጭፍራ በኩል ወደ አፋር የሚያወርደው መንገድ ወረቀት አይጠይቅም፤ ተስፋ ለቆረጠች ልጅ ዛሬም ክፍት ነው። ፓስፖርት ያላት ልጅ ግን ለደላላው «ቆይ» ማለት ትችላለች። ልጄን መደገፍ የምችለው ለመቅረትም ለመሄድም የሚበቃ መቆሚያ ስትይዝ ነው፤ አንዱን በር ብቻ ትቼላት መርቄሻለሁ ብል ምርቃቱ ባዶ ነው። አባቷ በዚህ ገና አልተስማማም፤ እየተነጋገርን ነው።

እስከዚያው በግል እንደገና ልትፈተን ትመዘገባለች፤ ሒሳቡን ማታ ማታ አብረን ይዘነዋል። እዚሁ መርሳ ግብርና ኮሌጅ መግባትንም አንሥታልኛለች። የትኛውን እንደምትመርጥ አላውቅም። ከመረጠች በኋላ ስለሚሆነው ግን ሁለት ነገር ቃል እንድንገባባ ጠይቃኛለች። አንደኛው፣ ብትሄድ የደረሰባትን እንደማትደብቀኝ ነው። ሁለተኛው፣ ስትነግረኝ «አሁኑኑ ተመለሽ» ብዬ እንዳልጮህባት፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንድሰማት ነው። የመጀመሪያውን ወዲያው ተቀበልኩ። ሁለተኛውን እችለው እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንኩ የማስብበት ጊዜ ስጪኝ ብያታለሁ።