ደካማውን ማን ይጠብቀው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ልባችን የሚሄደው ወደ አንበሳው ነው። አንበሳው ታሰረ፣ ድሩ አሸነፈ፣ ነገሩም በዚሁ አበቃ። ስለ ድሩ ክሮች ግን የሚጠይቅ የለም። የትኛው ወፍራም፣ የትኛው ቀጭን ነበር? ቀጭኑ ሊበጠስ ሲቃረብ ወፍራሙ ምን አደረገ? ስለ ኅብረት ስናወራ ዘወትር የምንዘለው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። እኔ ይህን ጥያቄ አፍጥጦ ያገኘሁት ቁም ነገር ይገኝበታል ተብሎ በማይታሰብ ስፍራ፣ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው።

የቪዲዮ ጨዋታ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ፉክክርን ነው። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ፖንግ» ሁለት ሰዎች ኳስ እየመለሱ የሚሸናነፉበት ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሁለት ጎረምሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እግር ኳስ ሲጫወቱ የአንዱ ደስታ የሌላው ብስጭት ነው። በእኛ ሰፈር ሂሳቡንም የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። ይሁንና ከዚህ የተለየ ወገን ያለው ጨዋታም አለ። በዚህኛው ሁለትም ይሁኑ አራት ተጫዋቾቹ የሚቆሙት በአንድ በኩል ነው፤ ቢያሸንፉ አብረው፣ ቢሸነፉም አብረው። ወላጆች ለልጆቻቸው ሲመርጡት «ጠብ የለበትም» ይላሉ።

እውነት ጠብ የለበትም? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ኦቨርኩክድ»ን እንመልከት። የእንግሊዝ አገር ሁለት ሰዎች የሠሩት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ ማድቤት የሚሠሩ ምግብ አብሳዮች ናቸው። አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ድስት ይጥዳል፣ አንዱ ሳህን ያጥባል። ሰዓቱ ይሮጣል፤ የተረሳ ድስት እሳት ያስነሳል። ሥራው ሕፃን የሚሠራው ነው። ግን ብዙም ሳይቆይ ከመካከላቸው ፈጣኑ ሳይሾም አዛዥ ይሆናል። «ሽንኩርት! ሳህን! ምን ቆመህ ታየኛለህ?» ከማዶ ያለው ባላጋራ ሲጠፋ፣ ባላጋራነቱ ራሱ በባልንጀሮቹ መካከል ሰተት ብሎ ይገባል።

የእህቴ ልጆች፣ የ15 ዓመቱ ወንድና የ9 ዓመቷ ሴት፣ እንዲህ ያለ የአብሮነት ጨዋታ ይዘው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ልጅቷ አንዱን ገደል መዝለል አቅቷት ሦስት ጊዜ ወደቀች። ወንድሟ «ስጪኝ፣ እኔ ላሻግርሽ» ብሎ ጆይስቲኩን ከእጇ ወሰደና በአፍታ አሻገራት። መንገዱ ተከፈተ። እርሷ ግን አኮረፈች። «አሻገርከኝ እንጂ መቼ አጫወትከኝ?» አለችው። እናታቸውም ከጓዳ ሆና «ከእህትህ ጋር ተጫወት አልኩህ እንጂ ተጫወትባት አልኩህ?» አለች።

ልጁ ክፉ አይደለም። ረድቷታል። ዓላማው ገደሉን መሻገር ከነበረ የሠራው መልካም ሥራ ነው። ዓላማው መጫወት ከነበረ ግን የወሰደባት ያላትን ሁሉ ነው። አንዱ ድርጊት በአንድ ጊዜ እርዳታም ንጥቂያም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት የኮቱን ቁልፍ ሲታገል አይተን ፈጥነን የምንቆልፍለት ለእርሱ አዝነን ነው ወይስ እኛ ስለቸኮልን? አዲስ ለተቀጠረው ወጣት «ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ» የሚለው አለቃ ሥራውን ነው ያቀለለለት ወይስ ሥራ የሚለምድበትን ዕድል ወሰደበት? በእነዚህ ሁሉ ፊት የሚታየው ደግነት ነው። ከደግነቱ ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ማጣት ተደብቆ ይገኛል።

ለመሆኑ ይህን ደንብ ሊያቃናው ይችላል? እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የ«ጀርኒ» ታሪክ ይጠቅመናል። በዚህ ጨዋታ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በረሃ እያቋረጡ ወደ አንድ ተራራ ይጓዛሉ። መነጋገር አይችሉም፤ የሚጠራሩት በአጭር የዜማ ድምፅ ብቻ ነው። አብሯቸው የተጓዘው ማን እንደሆነ የሚነገራቸውም ጉዞው ካበቃ በኋላ ነው። የጨዋታው መሪ አዘጋጅ ጄኖቫ ቼን እንደተናገረው፣ በሙከራው ጊዜ አንዱ ተጓዥ ሌላውን መግፋት ይችል ነበር። የታሰበው ለመረዳዳት እንዲሆን ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን እየተገፋፉ ገደል መጣጣል ጀመሩ። አዘጋጆቹ ታዲያ ስብከት አልጨመሩበትም። መገፋፋቱን ከጨዋታው አወጡት፤ በምትኩ ሁለቱ ሲነካኩ የመብረር ኃይል እንዲያገኙ አደረጉ። ሰው ያው ሰው ነው። የተለወጠው ደንቡ ነበር፤ ገፊ የነበረው ባልንጀራውን ፈልጎ የሚጠጋ ሆነ።

ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ግን ደንቡ የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። በ«ጀርኒ» መግፋት ተከልክሏል፤ መጠበቅ ግን አልታዘዘም። ጉዞውን ለብቻ መጨረስ ይቻላል። ፈጣኑ ዞር ብሎ በአሸዋው ውስጥ ወደ ኋላ የቀረውን የማያውቀውን ሰው ቆሞ ሲጠብቅ፣ ያን እንዲያደርግ ያስገደደው የለም።

መጠበቅንም ለማዘዝ የሞከረ ጨዋታ አለ። በሊባኖስ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ጆሴፍ ፋሬስ የመራው «ኢት ቴክስ ቱ» እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ በዚያው ዓመት በ«ዘ ጌም አዋርድስ» የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል። ሊፋቱ የተዘጋጁ ባልና ሚስት አሻንጉሊት ሆነው ወደ ሰውነታቸው ለመመለስ የሚታገሉበት ነው። ጨዋታው ለብቻ አይሞከርም። በአንዱ ምዕራፍ ባል ሚስማር ይወረውራል፣ ሚስት በመዶሻዋ በሚስማሩ ላይ ተንጠልጥላ ትሻገራለች። ብርቱው የደካማውን ድርሻ በራሱ አሻንጉሊት ሊሠራለት አይችልም። ወይ ይጠብቀዋል፣ ወይ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ።

«ታዲያ በግድ የሚጠበቅ መጠበቅ ምን ምግባር ይባላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትመልከተው ይላል። በሩ ያለ እርሱ ስለማይከፈት ብቻ የምጠብቀው ባልንጀራ ለእኔ ሁለተኛ ቁልፍ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሌላው ደግሞ አሪስቶትልን ይጠቅሳል፦ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ነው፤ ዛሬ በግድ የጠበቀ ነገ በልማድ ይጠብቅ ይሆናል። እኔ ሁለቱም ከፊል እውነት የያዙ ይመስለኛል። መኪናው የሚያውቀው ቁልፉ መነካቱን ብቻ ነው። ጠባቂው እየተነፈሰ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያ እየሰቀለ፣ «ዛሬ እንጨርሳለን?» እያለ ይጠብቅ እንደሆነ አያይም። ሰውን በመጠበቅ ብቻ ማዋረድም ይቻላል። ደንብ ጊዜውን ይሰጠናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፊታችን ምን እንደሚመስል የምንወስነው እኛ ነን።

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ የሚለው አለው። በአማርኛ ጨዋታ ማለት መሸናነፍ ብቻ አይደለም፤ ወግም ጨዋታ ነው። እንግዳ ሲመጣ «አጫውተው» እንባባላለን፤ ብቻውን አይቀመጥ፣ አነጋግረው ማለታችን ነው። ጨዋታ አዋቂ የምንለውም ብቻውን ሲለፈልፍ የሚያመሸውን አይደለም። ዝምተኛው አፉን እስኪፈታ ቦታ የሚተውለትን፣ ተብታባው ቃሉን ሲፈልግ ከአፉ ቀምቶ የማይጨርስበትን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ማንም ሲሸነፍ አያመሽም።

በመሆኑም ለልጆቻችን የአብሮነት ጨዋታ ስለገዛንላቸው አብሮነትን ያስተማርናቸው አይምሰለን። የገዛነው ትምህርቱ የሚጀመርበትን ስፍራ ነው። ስንት ደረጃ እንዳለፉ ከመጠየቃችን በፊት ጆይስቲኩ በማን እጅ እንዳመሸ እንጠይቃቸው። ጥያቄው በየመሥሪያ ቤታችንና በየማዕዳችን ለእኛም ቢቀርብ መልሳችን ምን ይሆን?