ናቡቴን ማን ገደለው?

ይህን ጥያቄ በጉባኤያችን ብናቀርብ ብዙዎቻችን ሳናመነታ «ኤልዛቤል ናት» ብለን እንመልሳለን። «አክአብ ነው» የሚሉም አይጠፉም። እርግጥ ነው፥ የወይኑን ቦታ የተመኘው አክአብ፥ ምክሩን የመከረችውም ኤልዛቤል ናት። ነገር ግን በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 የተጻፈውን ታሪክ ቀስ ብለን ብናነብ ንግሥቲቱ በናቡቴ ላይ ሰይፍ እንዳላስመዘዘች እናያለን። የላከችው ደብዳቤ ነው፤ ያውም በንጉሡ ማኅተም የታተመ። በከተማው ጾም ታወጀ፤ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ተከሳሹ በሕዝብ ፊት ተቀመጠ፤ ሁለት ምስክሮች ቃላቸውን ሰጡ፤ ፍርዱም ተፈጸመ። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው የጎደለ ነገር አልነበረም። ሸንጎ ነበረ፥ ሥርዓት ነበረ፥ በሕጉ የታዘዙት ሁለት ምስክሮችም ነበሩ። የጎደለው እውነት ብቻ ነው።

ስለ ፍርድ ቤት ሲነሣ ወሬያችን ሁሉ ስለ ዳኛ ነው። ቀጠሮ ያበዛል፥ ባለሥልጣን ይፈራል፥ እጁን ይዘረጋል እንላለን። ይህ ነቀፋ ከንቱ ነው አንልም፤ በቀጠሮ ብዛት የደኸየ ሰው በየሰፈራችን አለና። ነገር ግን በኢይዝራኤል ሸንጎ ናቡቴ የሞተው በምስክሮች አፍ ነው። ምስክር ደግሞ ከሰፈር የሚጠራ ሰው ነው፤ እኛን የመሰለ ሰው ማለት ነው።

አባቶቻችን ለፍርድ የነበራቸው አክብሮት የሚያስደንቅ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ ነገራቸውን ይሰማል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፥ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለውም ተረት የዚሁ ሕዝብ ነው። በቅሎን የሚያህል ሀብት ተከራክሮ ቢያጣ ይችለዋል፤ አንዲት ጭብጦ ግን ሳይደመጥ ብትወሰድበት ታንገበግበዋለች። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዳኛ ሲናገር ስለ ምስክር ሳያነሣ አላለፈም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ ወንድም የገጠመውን ብናነሣ ነገሩ ይብራራል፤ እንድንጽፈው እርሱው ፈቅዶልናል። አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደገው አጎቱ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተካሰሰ። ጎረቤትየው አጥሩን በሌሊት ገፍቶ ወደ አጎቱ ግቢ አስገብቷል ተብሎ በሰፈሩ ይነገራል። ሲገፋ ያየው ሰው ግን የለም። አጎቱም ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የገባውን ወንድማችንን ጠርቶ፥ «ልጄ፥ ዋሽልኝ አላልሁህም፤ እውነቱን አገር ያውቀዋል። አይቼአለሁ በልልኝ፤ ሌላ አልለምንህም» አለው። «ጋሼ፥ እኔ'ኮ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበርሁ» ቢለው፥ «ለበዓል መጥተህ አልነበር? ማን ቀን ይቆጥራል?» ብሎ መለሰለት።

ወንድማችን ጉዳዩን ወደ እኛ ባመጣው ጊዜ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቹ «አጥሩ መገፋቱ እውነት ከሆነ እውነትን መርዳት ምን ኃጢአት አለበት? ያሳደገውን ሰው አሳልፎ መስጠትስ አይሆንበትም ወይ?» አሉ። ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ የእንጀራ ባለውለታ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ በመካከላችን የለም። በመጨረሻ ግን ያመዘነው ሐሳብ ይህ ነው፦ ፍርድ ቤት ምስክርን የሚጠራው ዓይኑ ምን አየ፥ ጆሮው ምን ሰማ ብሎ ለመጠየቅ ነው። ማን እውነተኛ እንደሆነ መርምሮ መወሰን የዳኛው ሥራ ነው። ያላየውን «አይቼአለሁ» የሚል ሰው የዳኛውን ወንበር በስውር ወስዶ፥ እግዚአብሔርን በመሐላ ጠርቶ፥ ባላንጣው ሳይደመጥ ይፈርድበታል። «አገር ያውቀዋል» የሚለውስ? ናቡቴ በተወገረበት ቀንም አገሩ ሁሉ አወቅሁ ብሎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 453 የሐሰት ምስክርነትን ወንጀል አድርጎታል። ስለ ዘመድ ተብሎ ቢመሰከርም ሐሰት ሐሰት ነው።

ወንድማችን ሳይመሰክር ቀረ፤ አጎቱም ተረታ። ይህን የምንጽፈው ነገሩ በደስታ አለቀ ለማለት አይደለም። ከሕግ ተማሪዎች አንዷ እኅታችን የይዞታው ፕላን ከማዘጋጃ ቤት ወጥቶ በባለሙያ እንዲለካ የሚጠይቅ የይግባኝ ማመልከቻ ጽፋ ላከችለት። አጎትየው ማመልከቻውን ተቀበለ፤ የወንድማችንን ስልክ ግን እስከ ዛሬ አያነሣም። እናቱም በሁለቱ መካከል ሆና ታለቅሳለች።

በመጽሐፈ ሶስና የምናነበው ዳንኤል ያደረገው ብልሃት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ሲናገሩ ምስክርነታቸው እንከን አልነበረውም። ዳንኤል ለያያቸውና «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠሩ። ሰሚ አጥታ ወደ ሞት ስትወሰድ የነበረችው ሴት በአንዲት ጥያቄ ዳነች። በዛሬው ችሎትም ምስክር ተራው እስኪደርስ ከውጭ ይቆያል፤ ሲገባ ምሎ ለዋናው ጥያቄ ይመልሳል፤ ከዚያም ባላንጣው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርብለታል። መስቀለኛ የሚለው ስም ለእኛ ለክርስቲያኖች የሚነግረን ነገር ሳይኖረው አይቀርም፤ ያላየውን ለመሰከረ ሰው በእርግጥ መስቀል ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት አሰልቺ ይመስላል። ሥርዓቱ በጠፋ ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን አገራችን አይታዋለች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች፥ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች፥ በአንድ ሌሊት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነርሱ መካከል በደለኛ አልነበረም አንልም፤ በደለኛው ከንጹሑ የሚለይበት ችሎት አለመኖሩን ነው የምንለው። ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው፥ ታስረው፥ በ1971 ዓ.ም. ሲገደሉ ክስ አልተነበበላቸውም፥ ምስክር አልተሰማባቸውም። በኋላ የደርግ ባለሥልጣናት በ1987 ዓ.ም. ለፍርድ ሲቀርቡ ግን ክስ ተነበበላቸው፥ ጠበቃ ቆመላቸው፥ ምስክሮችን ጠየቁ። የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ብዙ ሰው «እነርሱ ለማን ጠበቃ አቆሙ?» ብሎ ተቈጥቷል። ቊጣው ይገባናል። ሆኖም እነርሱ የነፈጉትን ለእነርሱም አለመንፈግ ነው ችሎትን ከዚያ ሌሊት የሚለየው።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ስለ መካሰሳቸው መገሠጹን ጠቅሰው ክርስቲያን ፍርድ ቤት መሄድ የለበትም ይላሉ። ወንድማማቾች በዕርቅ ቢጨርሱ በእርግጥ ይሻላል። ግን ይኸው ጳውሎስ ሳይፈረድበት ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ሕግ ጠቅሶ ተከራክሯል፤ በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ሽምግልና ሁለቱም ወገኖች በነጻ ፈቃድ የመጡበት እንደሆነ መልካም ነው። ተጠልፋ የተደፈረች ልጅ ነገር ግን በካሣና በጋብቻ የሚሸመገል አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ትቶለት ነበር፤ ያ መንገድ የተዘጋው በ1996ቱ ሕግ ነው። እንዲህ ባለው ጉዳይ «በሽማግሌ ይለቅ» የሚሉ ደጋግ ሰዎች ማንን ዝም እያሰኙ እንደሆነ ቢያስቡበት እንወዳለን።

ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሳንደርስም በየቀኑ እንፈርዳለን። በመኝታ ክፍላችን ስልክ ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ድሀው ልጅ ነው፤ እስከ ማታ ስሙ ግቢውን ይዞራል፤ እርሱን ግን ማንም አልጠየቀውም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የአይሁድ አለቆች ጌታን በሌለበት ሲኮንኑ ኒቆዲሞስ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣ፦ ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳልን? ከተሰበሰቡት አለቆች ይህን የጠየቀ ሌላ ሰው አልተጻፈም። «አንተም ከገሊላ ነህ እንዴ?» በሚል ዘለፋ አፉን አስያዙት፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄደ።