ጨለማው የማን ነው?

ባለፈው ዓመት የትንሣኤ ሌሊት በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሁለት ፎቶ ተነሣ። አንዱን እኔ በካሜራዬ፣ ሌላውን ታናሽ ወንድሜ በስልኩ። የቆምነው ጎን ለጎን ነበር። በማግስቱ ዶሮ ወጡ ተበልቶ ቡና ሲቀርብ ለአክስታችን አሳየናት። የወንድሜን አየችና «ይሄ ቀን ነው እንዴ?» አለች። የእኔን ስታይ ግን ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ደስ አለኝ። በደካማ ብርሃን ማንሣትን መማር ከጀመርኩ ወራት አልፈውኝ ነበር፤ አፐርቸሩን 1.8 ላይ ከፍቼ፣ ሸተሩን በ1/60 ሰከንድ ይዤ፣ አይኤስኦውን 3200 አድርሼ፣ ጧፍ የበራባቸውን ፊቶች ብቻ አውጥቼ ቀሪውን ለጨለማ ትቼዋለሁ። የወንድሜ ስልክ በተከታታይ ያነሣቸውን ብዙ ምስሎች ደራርቦ ሌሊቱን አብርቶታል። «ስልክህ ዋሸ» አልኩት።

«ያንተስ?» አለኝ። ይህች ጥያቄ ስንት ቀን እንቅልፍ ነሣችኝ።

መጀመሪያ የተረታሁት በብናኙ (ኖይዝ በሚሉት) ነው። በእኔ ፎቶ ጥላው ውስጥ የሚታየውን ሽርክት የሚመስል ነጠብጣብ የሌሊቱ እውነተኛ መልክ አድርጌ እኮራበት ነበር። ብርሃን ግን ራሱ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የመጀመሪያ ዝናብ፣ እዚህ ሁለት እዚያ አምስት። ሲበዛ ይስተካከላል፤ ሲያንስ መዛነፉ ይታያል። አይኤስኦ መጨመር የተገኘውን ያጎላል እንጂ አንዲት ጠብታ አያክልም። የተሰበሰበው ብርሃን አራት እጥፍ ሲሆን ብናኙ ከምስሉ አንጻር በግማሽ ይቀንሳል። ስልኩ ምስል ሲደራርብ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ከእኔ ይልቅ ብዙ ብርሃን ሰብስቧል። ይህን ውሸት ማለት አልቻልኩም።

ወደ ዓይን ሸሸሁ። ዓይን ያየውን ያሳየው ማን ነው? ቀለምን በተመለከተ ስልኩ ተሳስቷል። የቼኩ ሊቅ ያን ፑርኪንየ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስተዋለው፣ ሲመሽ ቀዩ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ይቆያል። በወንድሜ ፎቶ ጥግ ላይ ያለው የዣንጥላ ቀይ ከፋይ ግን የቀትር ቀይ ነው፤ ያን ቀይ በዚያ ሌሊት ማንም አላየውም። ያም ሆኖ የእኔን ድፍን ጥቁርም ማንም አላየውም። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከለመደ በኋላ ግን ከግንቡ ሥር የቆመውን ሰው ይለያል። ለዚያውም ጧፍ ላልያዘ። ጧፍ የያዘ ሰው ከጧፉ ማዶ አያይም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። በወንድሜ ፎቶ ከኋላ፣ ግንቡን ተደግፋ፣ ጧፍ ሳትይዝ የቆመች ሴት አለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ታለቅሳለች። በአጠገቧ አልፌ ነበር፤ አላየኋትም። እሷ ሁላችንንም ታየን ነበር፤ እኛ የያዝነው ብርሃን ከእሷ ጋርዶን ነበር። የቆመችበትን ቦታ ዐውቃ የመረጠችው ይመስለኛል። «ሌሊቱ እንዴት ይታይ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የሰነበትኩት የእኔን ዓይን ብቻ ይዤ ነው። ከእሷ ቦታ ሌሊቱ ሌላ ነበር።

ስልኩ የተሸሸገችውን አጋለጠ ብዬ ስነግረው ወንድሜ የሰጠው መልስ ጠንካራ ነው፦ ሴትዮዋ የቆመችው ሕዝብ በተሰበሰበበት ግቢ ነው፤ አጠገቧ የነበረ ያያት ነበር። እውነት ነው። ግን አጠገቧ ለመድረስ እሷም የምታየው ሰው መሆን ያስፈልጋል። ስልኩ ከሃያ ሜትር ላይ ሆኖ፣ ሳትሰማው፣ እኛ ያላየናትን አያት። የሚከፋኝ ይህ ነው፤ ከፎቶው እውነትነት ጋር የነበረኝ ጠብ እዚህች ላይ ጠበበ።

ያኔ የእኔ ፎቶ ሸሽጓታልና ይሻላል ልል ነበር። ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ባልተቀነባበረው የፎቶዬ (ሮው) ፋይል ላይ የጥላውን መቆጣጠሪያ ወደ ላይ ገፋሁት። ግንቡ ወጣ። ከግንቡ ሥር፣ በብናኙ መካከል፣ ነጠላ የለበሰ ትከሻ ወጣ፤ ቀጥሎ ያዘነበለ ራስ። ካሜራዬም አይቷት ኖሯል። ጨለማው የሌሊቱ ሳይሆን የእኔ እጅ ሥራ ነበር፤ ስለ እሷ ሳላስብ የተውኩት።

መቆጣጠሪያውን ወደ ነበረበት መለስኩት። ወንድሜ የእሱን ፎቶ ለማንም አልላከም፤ አላጠፋውምም። የእኔም ፋይል እስካሁን እንዳለ ተቀምጧል።