ሁለት ሕግ ለመማር አንድ ውል

ልጆቼ፣ የልዩ ልዩ አገሮችን የንግድ ሕግ ለማጥናት ስትነሡ አብዛኞቻችሁ የምትጀምሩት ከዝርዝር ነው፤ የፈረንሳይ ሕግ በኮድ የተጻፈ፣ የእንግሊዝ በዳኞች ውሳኔ የተገነባ እያላችሁ ትሸመድዳላችሁ። ይህ ለፈተና ይበቃል፤ ምክር ፈልጎ ለመጣ ነጋዴ ግን አይበቃም። የእኔ ምክር አንድ ግብይት ይዛችሁ ያንኑ በሁለት ሕግ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድትከተሉት ነው። የሕጎች ልዩነት አፍጥጦ የሚወጣው ነገር ሲበላሽ ነውና።

ቡናን እንውሰድ። የአዲስ አበባ ላኪ ለለንደን ገዢ ሸጠ እንበል፤ ውሉ በእንግሊዝ ሕግ እንዲመራ ተስማምተዋል፤ ጭነቱ ዘገየ። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት አንዱ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም መነሻው ይህ ነው። በዚህ ሕግ ያደገ ጠበቃ «ገና አላስጠነቀቁንም» ብሎ ደንበኛውን ሊያረጋጋ ይችላል። የእንግሊዝ ሕግ ግን በንግድ ውል ውስጥ የተቆረጠን ጊዜ አጥብቆ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1981 በጊዜው የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በሁለቱ የንግድ ድርጅቶች፣ በቡንጌ እና በትራዳክስ፣ ክርክር ላይ የሰጠውን ውሳኔ አንብቡ። ገዢው መርከቡ ለጭነት የሚዘጋጅበትን ጊዜ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ማሳወቅ ሲገባው በጥቂት ቀናት ዘገየ፤ ሻጩም ውሉን ማፍረስ እንደሚችል ተፈረደለት። ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያቱን ካያችሁት ግን ጭካኔ አይደለም። አንድ ጭነት ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጥበት፣ ዋጋም በየዕለቱ በሚዋዥቅበት ገበያ እያንዳንዱ ነጋዴ መብቱን ያለ ክርክር ወዲያው ማወቅ ይፈልጋል። የእኛ ሕግ ደግሞ ለዘገየው ሰው አንድ ዕድል ሰጥቶ ውሉን ማዳን ይመርጣል። ሁለቱም አስበውበታል፤ የምትማሩትም ይህን ሐሳብ ነው።

«ዓለም አቀፍ ደንቦች ልዩነቱን አጥፍተውታል» የሚል ክርክር ይነሣል። በእርግጥ አጥብበውታል፤ ግን አላጠፉትም። እ.ኤ.አ. የ1980ው የቪየና የሽያጭ ስምምነት የውሉን ሕጋዊ ብቃትና የባለቤትነትን ጉዳይ ለየአገሩ ሕግ ትቶታል፤ ብሪታንያ ደግሞ ጭራሹን አልገባችበትም። ኢንኮተርምስ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የማስረከቢያ ቃላትም ወጪና የጉዳት ኃላፊነት የት እንደሚተላለፍ ይነግሯችኋል እንጂ ንብረቱ መቼ የገዢው እንደሚሆን አይነግሯችሁም። (ተማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።)

«እኔ የምሠራው እዚሁ አገሬ ነው፤ የሰው ሕግ ምን ያደርግልኛል?» ለምትሉም መልስ አለኝ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላም አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ብዙውን ክፍል ቢለውጥም ሥሩን ሳያውቁ መተርጎም ይቸግራል። ከሁሉም በላይ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት ተቀብላለች። ለንደን ላይ በግልግል የተረታ ላኪ ውሳኔው ባሕር አይሻገርም ብሎ መተኛት አይችልም፤ ባለመብቱ ይዞት እዚህ ፍርድ ቤት ይመጣል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የራሳችሁን ሕግ ጠንቅቃችሁ እወቁ፤ መለኪያ የሌለው አያወዳድርም። ቀጥሎ የአውሮፓ ገዢዎች የሚጠቀሙበትን መደበኛ የቡና ውል አግኝታችሁ ከናሙና ማጽደቂያው እስከ ግልግል አንቀጹ አንብቡ። ከዚያም የባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ባለሙያ ጠይቃችሁ ኤል ሲ (ባንክ ሰነድ አይቶ ለሻጩ ለመክፈል ቃል የሚገባበት ደብዳቤ) ሲመረመር እዩ፤ ባንኩ የሚያየው ቡናውን ሳይሆን ሰነዱን ነው። በሰነዱና በኤል ሲው መካከል ያለ ልዩነት ክፍያ ሊያስከለክል እንደሚችል እዚያ ጠረጴዛ ላይ ታዩታላችሁ።