የእረኞቹ ወሬና የተፈወሰው ሰው ምስክርነት
(ማር. 5፡1-20)



ወንጌላዊው ማርቆስ በመቃብር ሥፍራ ይኖር ስለነበረ አንድ ሰው ይተርክልናል። የአገሩ ሰዎች በሰንሰለት ያስሩት ነበር። ጌታችን ሲፈውሰው የእሪያዎቹ እረኞች ሮጠው ያዩትን በከተማና በገጠር አወሩ። ሕዝቡም መጥቶ ያን ሰው ልብስ ለብሶ፣ አእምሮው ተረጋግቶ ተቀምጦ አገኘው። ሆኖም ደስ በመሰኘት ፈንታ ፈራ፤ ጌታንም ከአገሩ እንዲወጣ ለመነ።

ልብ እንበል፤ ሰውየው ድኗል፣ የሕዝቡ ፍርሃት ግን አልዳነም። እረኞቹ ሐሰት አልተናገሩም፤ ይሁን እንጂ የሰሚዎቹ ልብ ከአንድ ወንድም መዳን ይልቅ በእሪያዎቹ መጥፋት ላይ አረፈ።

በዚህ ንባብ ምክንያት የአእምሮ ሕመም ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለን እንዳንስት እንጠንቀቅ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673 ሁለቱን ለይቶ፣ የአእምሮ ሕመምን መንከባከብ የሕክምና ጥበብ ድርሻ መሆኑን ያስተምራል። ስለዚህ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

የእረኞቹ ወሬ ዛሬም በጋዜጣና በቴሌቪዥን ይደርሰናል። ፍራንክ ብሩኖ የተባለው እንግሊዛዊ ቡጢኛ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ አገሩ በሙሉ አጨበጨበለት። በመስከረም 2003 ግን ታሞ ወደ አእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሲወሰድ፣ «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ በፊት ገጹ እንደ እብድ የሚያላግጥበት አርእስት አወጣ። የአንባቢያን ተቃውሞ ስለ በረታ ጋዜጣው በኋለኛው እትሙ አርእስቱን ለወጠ። ይኸው ጋዜጣ በጥቅምት 2013 ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን 1,200 ሰዎችን ገደሉ የሚል ጽሑፍ በጉልህ ፊደል አተመ። አብዛኞቹ ሕሙማን ማንንም እንደማይጎዱ፣ እንዲያውም ከሚጎዱ ይልቅ የሚጎዱት እንደሚበዙ ግን አርእስቱ አልተናገረም።

ጉዳቱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ፣ እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ የሚያሳልፋቸው ዓመታት ዜና አይሆኑም፤ አንዲት የክፉ ቀን ግን ዜና ትሆናለች። አንባቢውም በዚያች ቀን ሁሉንም ይመዝናል። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ይሸሻል፣ አሠሪ በሩን ይዘጋል፣ ቤተሰብ የታመመ ልጁን በጓዳ ይሸሽጋል፤ ሕመምተኛውም «እብድ» እንዳይባል ሕክምናውን እያዘገየ ሕመሙ ይጠናበታል።

በእኛስ ዘንድ? አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብዙዎችን አክሞ ለቤታቸው አብቅቷል። እኛ ግን ስሙን መሳለቂያ አድርገነዋል፤ የተቆጣውን ወይም ያልተስማማንን ሰው «አማኑኤል ይግባ» እንላለን። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት እንደሆነ ማን ያስታውሳል? የመድኃኔ ዓለምን ስም ለስድብ ስናውለው፣ እርሱ ከታመሙት ጋር መሆኑን መካዳችን አይደለምን?

ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። እውነትን ጎምዶ መናገርም የባልንጀራን ክብር ይገድላል። አባቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ። እንግዲህ ጋዜጠኛ የሆንህ ምእመን፣ ሐኪም ያልመረመረውን ሰው እብድ ብለህ አትጻፍ፤ የወንጀሉም ምክንያት ሕመም ነው ብለህ አትቸኩል። አንባቢና ሰሚ የሆንን ደግሞ የሚያዋርድ ወሬ ሲደርሰን አንቀባበለው፤ እንቃወመው። የብሩኖን አርእስት ያስለወጠው የአንባቢያን ድምፅ መሆኑን እናስብ።

ጌታችን የተፈወሰውን ሰው በመቃብሩ አልተወውም፤ አብሮት ሊሄድ ቢለምነውም ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሄዶ የተደረገለትን ምሕረት እንዲናገር ላከው። የእረኞቹ ወሬ ፍርሃት ወልዶ ነበር፤ ሰውየው ራሱ በዐሥሩ ከተማ ሲመሰክር ግን ሁሉም ተደነቁ። ብሩኖም ከዚያ ወዲህ ስለ ሕመሙ በራሱ አንደበት በአደባባይ ሲናገር ብዙዎች ሰምተውታል።

እንግዲህ ስለ ሕሙማን የሚወራውን ብቻ ሳይሆን እነርሱ የሚናገሩትን እንስማ። በየሰበካችን ከቤት ያልወጣ ሕመምተኛ ካለ እንጎብኘው፤ በስሙ እንጥራው፤ በማዕዳችን ቦታ እንስጠው። የተሰበረውን ልብ የሚጠግን አምላክ ለሕሙማን ፈውስን፣ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን፣ ለአንደበታችንም ጥበቃን ይስጠን። አሜን።