ጠበቅናት ወይስ አረፍንባት?

ታኅሣሥ ላይ አሥራ አንድ ሆነን መናገሻ ሱባ ሄድን፤ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለው ጫካ። ዕቅዳችን የጥበቃዋ ጎጆ ድረስ ወጥተን፣ ዘበኛው የሚያፈላልንን ሻይ ጠጥተን፣ በዚያው ቀን መመለስ ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ጽዱ ሥር ፀሐይ አይገባም።

እኔ ከፊት ነበርኩ። ዳገት በጨረስን ቁጥር ቆመን ኋላ የቀረችውን ጓደኛችንን እንጠብቃለን፤ ስትደርስ "በቃ እንሂድ!" ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ፦ እኛ ሦስቴ አርፈናል፣ እሷ አንዴም አላረፈችም። ይኼን ነው እንግዲህ "ጠበቅናት" የምንለው።

መቆምም ዋጋ አለው፣ አልክድም። ላብ ያራሰው ሸሚዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ልጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። "ለእሷ ስንል እኛ እንታመም?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን በእሷ እርምጃ ብንሄድ ኖሮ ያን ያህል ባላላበን፣ መቆምም ባላስፈለገን ነበር። የፍጥነታችንን ዕዳ በእሷ ስም ጽፈን ቸር ሆንን።

"እናንተ ሂዱ፣ እደርሳለሁ" አለች። ይኼ ፈቃድ ይባላል? ለእኔ ይሉኝታ ነው። አሥር ሰው እየተንቀጠቀጠ ሲያፈጥብሽ ሌላ ምን ትያለሽ?

ከፊት አስቀደምናት። ሁለት ሰው አጉረመረመ። ጎጆዋ ጋ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ዘበኛው ሻዩን ሁለቴ አሙቆታል።