ሥራ ፈትና ሥራ ፈላጊ

ሰው በሥራው ይመዘናል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥራ ያላገኘውን ሰው በምን ሚዛን ሊመዝኑት ይገባል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ አለ። ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ጥቁር ካባ ለብሶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፉም በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት፥ ሁለት ክረምት ያልፋል፤ ልጁም ከፎቶግራፉ በታች ተቀምጦ ይኖራል። በመጀመሪያው ወር «እንኳን ደስ ያለህ» ያሉት ጎረቤቶች በዓመቱ «እስካሁን ሥራ አልያዝህምን?» ይሉታል፤ ቆይተውም መጠየቁን ትተው «ሥራ ፈት» ይሉታል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር በጀመረ ጊዜ የተማረው ሰው ጥቂት፥ የሚጠብቀውም ወንበር ብዙ ነበረ። በደርግ ዘመንም መንግሥት ተመራቂውን በየመሥሪያ ቤቱ ይመድብ ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተማሪው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ይህን ሁሉ አልፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ወጣት «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚል ቃል ያነባል። ሳይቀጠር ልምዱን ከወዴት ያመጣዋል? የበሩ ቁልፍ ያለው ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ነውና።

በማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ የተነገረው ባለ ወይን በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ቆመው የዋሉ ሰዎችን አገኘ። ስለ ምን ሥራ ፈትተው እንደ ቆሙ ቢጠይቃቸው የሚቀጥራቸው እንዳጡ ነገሩት። እርሱም አልገሠጻቸውም፥ የቀድሞ ሥራቸውንም አልመረመረም፤ ወደ ወይኑ ቦታ ሰደዳቸው እንጂ። ማታም የሙሉ ቀን ዋጋ ሰጣቸው። ለማኅበራቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃው እንጀራ በሰዓት ቍጥር አይቀነስምና። ደግሞም ፀሐይ ያዘቀዘቀችባቸው በገበያ ቆመው ነው እንጂ በአልጋ ላይ ተኝተው አይደለም።

«ወጣቱ የእጅ ሥራን ይንቃል» የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እውነታቸውን ነው። በገማልያል እግር ሥር የተማረው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ኖረ፤ የምስክር ወረቀት ከላብ ነጻ ያወጣኛል የሚል ሰው ይህን ያስብ። ሆኖም ድንጋይ ጠርበው ኮብልስቶን ያነጠፉ ተመራቂዎች ብዙዎች ናቸው። መሐንዲስ ዕድሜውን ሁሉ ድንጋይ ሲጠርብ ቢኖር ትሕትናው ለእርሱ ክብር፥ ለሀገሩ ግን ኪሳራ ነው። የወጣቱም ትሕትና የቀጣሪውን ዕዳ አይፋቅለትም።

እንግዲህ ነጋዴውም፥ የመሥሪያ ቤት ሹሙም፥ የደብር አስተዳዳሪውም ከመፍረዳቸው አስቀድሞ ራሳቸውን ይጠይቁ። ወደ ገበያ ወጥቶ የቆመ ሰው ሥራ ፈላጊ ይባላል። ሥራ ፈት ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ገበያ ለመውጣት የታከተ ሠራተኛ፥ ሁለተኛውም ያልታረመ ወይን እያለው ሠራተኛ ፍለጋ ከቤቱ ያልወጣ ባለ ርስት ነው።